በቆየ መኪና የኤሌክትሪክ መጋጠሚያ ጕድለት እንዴት እንደሚታወቅ

በወረታ እያለፉ ወደ ባሕር ዳር፤ ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር የሚመላለሱ የቆዩ መኪናዎች አሉ። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው በፎገራ ሜዳ ላይ ሲፈሱ፤ ጭቃና እርጥበት ከሽቦው መጋጠሚያ እየገባ ያዝገዋል።

ከዚህ የተነሣ ሞተሩ አልነሣ ሲል፤ ባለመኪናው «ባትሪው ሞተ» ብሎ ሩዙን ሸጦ አዲስ ይገዛል። ነገር ግን ጥፋቱ የባትሪው ላይሆን ይችላል። ወንዙ ሞልቶ ሳለ ቦዩን ደለል ቢዘጋው እርሻው ውኃ ያጣል። እንደዚሁም በባትሪው ውስጥ ኃይል ሳለ፤ መጋጠሚያው ቢዝግ ወይም ቢላላ፤ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ኃይል ያጣል።

አስቀድሞ በዓይን መመልከት ይገባል። በባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ቢታይ፤ ማሰሪያው ሲነካ ቢነቃነቅ፤ ወይም ሞተሩን ለማስነሣት ከተሞከረ በኋላ ቢግል፤ መጋጠሚያው መጥፎ ነው።

የቮልት መለኪያ የተገኘ እንደ ሆነ፤ በ12 ቮልት መኪና አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ፤ ሁለተኛውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ አድርጎ፤ ሌላ ሰው ሞተሩን እንዲያስነሣ ማድረግ ነው። በዚያን ጊዜ ከ0.5 ቮልት በላይ ቢያሳይ በመንገዱ ላይ እንቅፋት አለ። በፖዘቲቭ በኩልም ከባትሪው ራስ እስከ ሞተሪኖው እንዲሁ ይለካል።

ሲጠግኑ ሞተሩ ይጥፋ፤ ከባትሪው የሚወጣው አየር ይቀጣጠላልና እሳትና ሲጋራ ይራቅ። ኔጌቲቩን አስቀድሞ ፈትቶ፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ፤ አጥብቆ አስሮ፤ ግራሶ መቀባት ነው። ኔጌቲቩ ግን በመጨረሻ ይታሰራል።

ዳኛ ምስክር ሳይሰማ እንዳይፈርድ፤ ባለመኪናም ሳይመረምር በባትሪው ላይ አይፍረድ።