የፎርሙላ ወተት የሽያጭ ቅስቀሳና የሚያጠቡ እናቶች፦ በጭሮና በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች የሚኖሩ ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ

በጭሮ፣ በሂርና፣ በገለምሶም ሆነ በሚኤሶ የምትኖር እናት ከወለደች በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ደጋግማ የምትሰማው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ወተትሽ ይበቃዋል ወይ?» የሚል። ጥያቄው አራስ ሊጠይቅ ከመጣ ጎረቤት፣ ከአማት ወይም ሕፃኑ ሌሊት ሲያለቅስ ከተጨነቀ አባት ሊመጣ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀውም በበጎ ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 55 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚገመት ሽያጭ ያለው የፎርሙላ ወተት ንግድ በዋናነት የሚያተኩረው በዚሁ ጥርጣሬ ላይ ነው።

ፎርሙላ ወተት በአብዛኛው ከላም ወተት ተዘጋጅቶ በዱቄት መልክ የሚታሸግ፣ የእናት ጡት ማግኘት ለማይችሉ ሕፃናት የሚሰጥ ምግብ ነው። ምርቱ በሕግ የተከለከለ አይደለም፤ የሚያስፈልጋቸው ሕፃናትም አሉ። ሕጉ የሚከለክለው ለጤናማ ሕፃንና ማጥባት ለምትችል እናት ምርቱን ለመሸጥ የሚደረገውን ቅስቀሳ ነው። ብዙ ወላጆች ግን እንዲህ ያለ ክልከላ መኖሩን ስለማያውቁ በፋርማሲ፣ በሱቅ ወይም በስልካቸው የሚደርሳቸውን መልእክት እንደ ጤና ምክር ይቀበሉታል።

በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠው ምክር ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲጀምር፣ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ እንዲጠባ፣ ከዚያም ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠው እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ መጥባቱን እንዲቀጥል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ እንዳሳየው ከ6 ወር በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 ከመቶ ነበሩ። በ2019 በተደረገው አነስተኛ ዳሰሳ ቁጥሩ 59 ከመቶ ሆኗል። በሦስት ዓመት ውስጥ ለውጥ አልታየም ለማለት ይቻላል። ከ10 ሕፃናት 4ቱ ገደማ ከስድስት ወራቸው በፊት ሌላ ነገር ይቀምሳሉ ማለት ነው። ከሚቀምሱትም መካከል ውሃ፣ የላም ወተትና በጊዜው ያልሆነ ምግብ ይገኙበታል፤ ፎርሙላ ደግሞ ከእነዚህ በኋላ የመጣ፣ በከተሞች አካባቢ የሚታይ ልማድ ነው።

ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማቅመስ፣ የስኳር ውሃ ወይም የአብሽ ውሃ መስጠት፣ እንገሩንም «ቆሻሻ ነው» ብሎ ማፍሰስ አሁንም በየቦታው የሚያጋጥም ነገር ነው። ከብት የሚያረባ ሰው ጥጃ እንገር ሳይጠባ እንዳይቀር የሚጠነቀቀውን ያህል ለገዛ ልጁ ሲሆን ይህን መዘንጋቱ ያስገርማል። ቢጫው፣ ወፈር ያለውና መጠኑ ጥቂት የሆነው የመጀመሪያ ወተት ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች በብዛት ያሉበት ነው። የአራስ ሆድ ትንሽ በመሆኑም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከዚህ የበለጠ አያስፈልገውም። ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእነዚሁ ቀናት ነው፤ እናትየዋ ጡቷን ጨምቃ ጠብታ ብቻ ስታይ «የለኝም» ትላለች።

ወተት እንዴት ይቀንሳል?

የጡት ወተት የሚመረተው ሕፃኑ በጠባው መጠን ነው። ሕፃኑ ደጋግሞ ሲጠባ ጡት ብዙ ያመርታል፤ ሲቀንስ ይቀንሳል። ሕፃኑ በፍጥነት በሚያድግባቸው ሳምንታት ለጥቂት ቀናት ደጋግሞ ሊጠባና ሊነጫነጭ ይችላል፤ በዚህ መንገድ የእናቱን ወተት እንዲጨምር ያደርጋል። በዚህ ሰዓት አንድ ጡጦ ፎርሙላ ከተሰጠው ጠግቦ ረዘም ላለ ሰዓት ይተኛል፣ አንድ ጊዜ ሳይጠባም ያልፋል። በማግስቱ ሁለት ጡጦ ሲሆን ጡት ምርቱን ይቀንሳል። ከሳምንት በኋላ እናትየዋ «ወተቴ እንደማይበቃ አውቄ ነበር» ትላለች፤ የቀነሰው ግን በጡጦው ምክንያት ነው። ሻጩ ስለ ወተቷ ምንም ክፉ ነገር መናገር አያስፈልገውም። አንድ ቆርቆሮ በነፃ ቢሰጣት ቀሪው በራሱ ይከተላል። የነፃ ናሙና በሕግ የተከለከለውም ለዚህ ነው።

ወተት መብቃቱን በለቅሶ መለየት አይቻልም። ሕፃን ሲሞቀው፣ ሲበርደው፣ ሆዱን ሲነፋው፣ መታቀፍ ሲፈልግም ያለቅሳል። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ፈዘዝ ያለ ሽንት የሚሸና፣ ክብደቱም እየጨመረ የሚሄድ ሕፃን በቂ ወተት እያገኘ ነው። ክብደቱን በጤና ጣቢያ ወይም በጤና ኬላ ማስለካት የሚቻል ሲሆን፣ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ቤት ለቤት ሲዘዋወሩ ይህን ይከታተላሉ። የአጠባቡን ሁኔታ የሚያይ ባለሙያ አብዛኛውን ችግር የሕፃኑን አቀማመጥና የአፉን አያያዝ በማስተካከል ይፈታዋል። የእናትየዋ ምግብና ዕረፍትም ቸል ሊባል አይገባም። በአካባቢው የተለመደው ጫት የምግብ ፍላጎትን የሚቀንስና ንጥረ ነገሩም ወደ ጡት ወተት የሚያልፍ በመሆኑ የምታጠባ እናት ከመቃም እንድትቆጠብ ይመከራል።

ቅስቀሳው በምን መልክ ይመጣል?

ቅስቀሳው ዘወትር በማስታወቂያ መልክ አይመጣም። በቆርቆሮው ላይ የተሳለ ወፍራም ሕፃን፣ «ለእናት ጡት ወተት የቀረበ» ወይም «ለአእምሮ ዕድገት» የሚል ጽሑፍ፣ «ሌሊቱን ሙሉ ያስተኛል» የሚል የቃል ተስፋ፣ በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ልምዷን የምታካፍል መስላ የምትቀርብ እናት፣ ሁሉም የሽያጭ መንገዶች ሊሆኑ ይችላሉ። በተመሳሳይ ቀለምና ስም 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ የሚደረደሩት ቆርቆሮዎችም የታላቁን ወተት እያስተዋወቁ የታናሹን ያሻሽጣሉ። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳለፈው ውሳኔ እስከ 3 ዓመት ላሉ ሕፃናት የሚሸጡ ወተቶች በሙሉ በዚሁ ቁጥጥር ሥር እንዲታዩ ያሳሰበው ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ያደረጉት ጥናት ናይጄሪያን፣ ሞሮኮንና ደቡብ አፍሪካን ጨምሮ በ8 አገሮች 8,500 ወላጆችንና ነፍሰ ጡር ሴቶችን አነጋግሯል። ኢትዮጵያ በጥናቱ አልተካተተችም። ከተጠየቁት መካከል 51 ከመቶ የሚሆኑት የፎርሙላ ወተት ቅስቀሳ እንደደረሳቸው ሲናገሩ፣ ከሴቶቹ ከሦስት አንድ በላይ የሆኑት ደግሞ አንድን የተወሰነ ምርት የጤና ባለሙያ እንደመከራቸው ገልጸዋል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለምዕራብ ሐረርጌም ትኩረት የሚሻ ነው። ከገጠር ቀበሌ ተነሥታ ወደ ጭሮ ወይም ወደ ገለምሶ ሆስፒታል የምትመጣ እናት ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው የነገራትን እንደ ትእዛዝ ትወስደዋለች፤ የፋርማሲ ባለሙያም በእርሷ ዘንድ ሐኪም ነው።

ኩባንያዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ዶክተር ሲስሊ ዊሊያምስ የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1939 በሲንጋፖር ባደረጉት ንግግር በወተት ቅስቀሳ ምክንያት የሚደርሰውን የሕፃናት ሞት ከነፍስ ግድያ ጋር አመሳስለውታል። በቀጣዮቹ አሥርተ ዓመታትም በአፍሪካና በእስያ የነርስ ልብስ የለበሱ ሻጮች በማዋለጃ ክፍሎች ሲዘዋወሩ ነበር። በ1977 በተጀመረው የሸማቾች አድማና እርሱን ተከትሎ በመጣው ግፊት የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. ግንቦት 1981 የእናት ጡት ወተት ተኪ ምግቦችን ግብይት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ደንብ በ118 ድምፅ አጸደቀ። የተቃወመችው አንዲት አገር ብቻ ነበረች፤ እርሷም አሜሪካ ናት።

የአንድ ቆርቆሮ ሒሳብ

ክብደቱ 5 ኪሎ ግራም የሆነ ሕፃን ፎርሙላ ብቻ የሚመገብ ከሆነ በቀን 750 ሚሊ ሊትር ገደማ ያስፈልገዋል። ለዚህም ወደ 100 ግራም ዱቄት ይገባል። ስለዚህ ባለ 400 ግራም ቆርቆሮ የሚበቃው ለ4 ቀን ብቻ ነው፤ ለአንድ ወር ከ7 እስከ 8፣ ለስድስት ወር 40 ወይም ከዚያ በላይ ቆርቆሮ ያስፈልጋል ማለት ነው። በጭሮ ገበያ ጫት ወይም አትክልት ቸርችራ የምታድር እናት ይህን ስሌት የምትረዳው ብዙውን ጊዜ ጡቷ ከቀነሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቆርቆሮው እንዲቆይላት ውሃውን አብዝታ ዱቄቱን ታሳንሳለች፤ ሕፃኑ ሆዱ በውሃ ሞልቶ ሰውነቱ ይከሳል። አንዳንድ ቤተሰብ ደግሞ ዋጋው ረከስ ያለውን ለሻይ የሚሆን የዱቄት ወተት ወይም የጣፈጠ የቆርቆሮ ወተት ይገዛል። እነዚህ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ የእናት ጡት ምትክ አይሆኑም።

ሌላው ጉዳይ ንጽሕና ነው። ዱቄቱ ከፋብሪካ ሲወጣም ቢሆን ከጀርም ሙሉ በሙሉ የጸዳ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ባላነሰ ሙቅ ውሃ እንዲበጠበጥ የሚያዝዘው በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ጀርም ለመግደል ነው። ውሃው ፈልቶ ከወረደ ከ30 ደቂቃ ሳይበልጥ መበጥበጥ፣ ቀዝቀዝ ሲልም ለሕፃኑ መስጠትና በ2 ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣውን መድፋት ያስፈልጋል። ይህ በቀን ስምንት ጊዜ ያህል የሚደጋገም ሥራ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት፣ ማገዶ ወይም ከሰል በሚገዛበት ቤት ደንቡን መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማንም ግልጽ ነው። በቆርቆሮው ላይ ያለው መመሪያ ወላጅ በማያነበው ቋንቋ ሲጻፍ ደግሞ አደጋው ይጨምራል። ዓለም አቀፉ ደንብ ጽሑፉ ተጠቃሚው በሚረዳው ቋንቋ እንዲሆን የሚጠይቅ ሲሆን፣ አብዛኛው ሕዝብ አፋን ኦሮሞ በሚናገርበት በዚህ ዞን ባለሙያዎች ለሚያስፈልጋቸው ወላጆች አዘገጃጀቱን በቃልና በተግባር ማሳየት አለባቸው።

ፎርሙላ የሚያስፈልገው ማን ነው?

እናቱ በሞት የተለየችው ወይም አብራው የሌለች፣ በሰውነቱ አሠራር ችግር የጡት ወተት የማይስማማው፣ እናቱ እንደ ካንሰር ሕክምና ያለ ከማጥባት ጋር የማይሄድ መድኃኒት የምትወስድ ሕፃን ፎርሙላ ሊታዘዝለት ይችላል። ውሳኔው የሐኪም ነው፤ ወላጆችም በዚህ ምክንያት ሊወቀሱ አይገባም። ጡጦ ለማጽዳት አስቸጋሪ ስለሆነ በንጹሕ ኩባያ ማጠጣት ይመረጣል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ እናት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ለ6 ወር ጡት ብቻ እንድታጠባ የሚመከር ሲሆን፣ ፎርሙላና ጡት እያቀላቀሉ መስጠት ግን አይመከርም።

ወደ ሥራ የምትመለስ እናት ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር የሚሰጥ ፈቃድ ይደነግጋል። ከ90 ቀን እስከ 6 ወር ያለው ክፍተት ፎርሙላ በቀላሉ የሚገባበት ነው። በራሷ የምትሠራ የገበያ ነጋዴማ ፈቃድ የሚሰጣት አሠሪ የላትም። ወተትን በንጹሕ እጅ አልቦ በተከደነ ንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። በጭሮ ደጋማ አየር ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ እንደ ሚኤሶና ቦርደዴ ባሉ ቆላማ ከተሞች ግን ያለ ማቀዝቀዣ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መጠቀም ይገባል። ሕፃኑን ይዞ ገበያ መዋል የሚቻል ከሆነ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። ፎርሙላ ጀምራ ጡቷ የቀነሰባት እናትም ሕፃኑን ደጋግማ በማስጠባት ወተቷን መመለስ ትችላለች፤ ለዚህ በአቅራቢያዋ ካለ ጤና ጣቢያ ድጋፍ መጠየቅ ይኖርባታል።

ጥቆማ ስለማቅረብ

የሕፃናት ምግብን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥልጣን የተሰጠው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ፎርሙላን ለሕዝብ ማስተዋወቅ፣ ለእናቶች የነፃ ናሙና ወይም ስጦታ መስጠት፣ በጤና ተቋም ውስጥ የኩባንያ ፖስተር መለጠፍ፣ ለባለሙያ ማበረታቻ መስጠት የግብይት ደንቡ የሚከለክላቸው ተግባራት ናቸው። በድርቅ ወይም በመፈናቀል ጊዜ በመጠለያዎች የዱቄት ወተት በጅምላ ማደልም፣ ምንም እንኳ በቅን ልብ ቢደረግ፣ የሚያጠቡ እናቶችን ወተት ስለሚያደርቅ አይፈቀድም፤ ለመርዳት የሚፈልግ ለእናትየዋ ምግብ ቢሰጥ ይመረጣል።

እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመው ዜጋ የምርቱን ስም፣ በቆርቆሮው ላይ ያለውን የምርት መለያ ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን፣ ቦታውንና ዕለቱን መዝግቦ፣ የሚቻል ከሆነም ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ለባለሥልጣኑ በነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይችላል። በአካል ማመልከት ለሚፈልጉም የከተማው ወይም የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጥቆማውን ይቀበላል። ስለ ጡት ማጥባት ምክር የሚፈልጉ ደግሞ በጤና ሚኒስቴር ነፃ መስመር 952 መደወል ይችላሉ።