ማባበያው የሚመረጠው በውኃው ነው

ሐይቅ በሌለበት በሮቢት ስለ ዓሣ ማውራት ያስቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ክረምት ጎርፍ ሲወርድ ጎሊና እንዴት እንደሚደፈርስ ያየ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል።

በሰሜን አሜሪካ ማስኪ የተባለውን አዳኝ ዓሣ ለመያዝ በታጠፈ ሽቦ ላይ መንጠቆና በውኃ ውስጥ የሚሽከረከር ብልጭልጭ ቆርቆሮ ያንጠለጥላሉ። ዓሣውም የሚሸሽ ታናሽ ዓሣ መስሎት ይነክሰዋል።

በአገራችን ይህ ማባበያ የሚስማማው ለነጭ ዓሣ ነው፤ እርሱም ዓሣ በል ነውና። በደቡብ ያሉት መኖሪያዎቹ አባያና ጫሞ ጎረቤታሞች ቢሆኑም ውኃቸው አይመሳሰልም፤ አባያ እንደ ጎርፍ ደፍርሶ የቀላ ነው፣ ጫሞ ግን ከእርሱ ይጠራል። ስለዚህ ለአባያ ክቡ ቆርቆሮ ይመረጣል፤ ቀስ ብሎ እየዞረ ውኃውን ስለሚመታ ዓሣው ባያየውም ንቅናቄው ይሰማዋል። ለጫሞ እንደ አኻያ ቅጠል ረዘም ያለው ይሻላል፤ ብልጭታው ከሩቅ ይታያል። ቀለሙ ስላማረው ብቻ የሚገዛ ሰው፣ የተጠመደው እርሱ ራሱ ነው!

የጫሞ ነጭ ዓሣ ያለ ልክ በመጠመዱ ዛሬ ተመናምኗል። እንግዲህ ባለ ሦስቱን መንጠቆ ትቶ ባለ አንዱን መግዛት፣ ወደ ኋላ የዞረውንም እሾኽ በጉጠት መጫን ይገባል፤ ያን ጊዜ ገና ያላደገውን ዓሣ አፉን ሳይቀዱ ወደ ሐይቁ መመለስ ይቻላል።