በእናት ፊት የተማለ መሐላ

ግሪክ ውስጥ፣ ከጥንቷ ስፓርታ ብዙም ሳይርቅ፣ ሚስትራስ የምትባል የፈረሰች ከተማ አለች። ዛሬ ቱሪስት ነው የሚወጣባት። ድሮ ግን የባይዛንታይን የደቡብ ጠረፍ መናገሻ ነበረች።

የሚገርመው ምሽጉን የሠሩት ባይዛንታይኖች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1249 ያሠራው ከፈረንሳይ የመስቀል ጦረኞች ወገን የሆነው መስፍን ጊዮም ነው። በ1259 ጦርነት ላይ ተማረከና በ1262 ሚስትራስንና ሌሎች ምሽጎችን አስረክቦ ነፃነቱን ገዛ። ከ1349 ጀምሮ አገሩን «ዴስፖት» የሚባሉ ገዢዎች ያዙት። አብዛኞቹ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ወይም ወንድም ነበሩ።

ታዲያ ችግሩም እዚያው ነው። ወንድም ለወንድም አይተኛም።

በ1448 ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ ልጅ ሳይተካ ሞተ። ዲሜጥሮስ ዙፋኑን ፈልጎ ወደ ቁስጥንጥንያ ገሰገሰ። እናታቸው እሌኒ ግን «አይሆንም» ብላ ለታላቁ ለቆስጠንጢኖስ አቆየችለት። እሱም ጃንዋሪ 6 ቀን 1449 እዚያው ሚስትራስ ላይ ነገሠ። የደቡቡ ግዛት ለዲሜጥሮስና ለታናሹ ለቶማስ ተከፈለ። በሰላም ሊኖሩ በእናታቸው ፊት ማሉ።

መሐላው አልቆየም። ሁለቱ መሬት ለመሬት ተጋፉ፤ አንዱ በሌላው ላይ የቱርክ ጦር እስከመጥራት ደረሱ። በ1453 ቁስጥንጥንያ ስትወድቅና ቆስጠንጢኖስ ሲሞት እንኳን ልብ አልገዙም። ለሱልጣኑ ግብር እየከፈሉም እርስ በርስ መዋጋታቸውን ቀጠሉ።

ሱልጣን መሐመድ በ1460 መጣ። ዲሜጥሮስ ሚስትራስን ያለ ውጊያ አስረከበ። ቶማስ ሮም ተሰደደና በ1465 እዚያው ሞተ። ዲሜጥሮስ ደግሞ መንኩሶ በ1470 አረፈ። ከዘሩ መካከል ቀና ያለላት የቶማስ ልጅ ዞዪ ናት፤ በ1472 የሞስኮውን ኢቫን ሣልሳዊ አገባች።

ቱርክ ጉልበተኛ ነበር፤ ወንድማማቾቹ ቢስማሙም ኖሮ ሚስትራስ ብዙ ዓመት ትቆይ ነበር ማለት ይከብዳል። ግን ጠላት በር ላይ ቆሞ እያዩ፣ በሩን የከፈቱለት ራሳቸው ናቸው። የጣሏት ደግሞ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ሁለት መቶ ዓመት የጠበቋትን ከተማ ነው። ግንብ የውጭውን ይመልስ ይሆናል፤ የቤቱን ጠብ ግን ማን ይመልሳል?