ቦዲ፦ ሰው ሄዶ ዕቃው የቀረባት የወርቅ ከተማ

ልጆች፣ ዛሬ የምንነግራችሁ ቦዲ ስለምትባል ከተማ ነው። ቦዲ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ከኔቫዳ ወሰን አጠገብ ትገኛለች። ትምህርት ቤት አላት፣ ሱቅ አላት፣ ቤተ ክርስቲያንም አላት። ከጠባቂዎቿ በቀር ግን የሚኖርባት ሰው የለም። ለምን ይመስላችኋል? እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በጥር 1848 ጄምስ ማርሻል የሚባል ሰው ኮሎማ በተባለ የካሊፎርኒያ ቦታ የእንጨት መሰንጠቂያ ሲያሠራ ውኃው ውስጥ ወርቅ አየ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 300,000 የሚሆን ሰው ከሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች፣ ከሜክሲኮ፣ ከቻይናና ከአውሮፓ እየተነሣ ወርቅ ፍለጋ ጎረፈ። አብዛኛው ግን ሀብታም አልሆነም።

በ1859 ደግሞ ቦዲ የሚባል ሰው ከተራራው በስተምሥራቅ ወርቅ አገኘ። ምን ያደርጋል! በዚያው ዓመት ብርድ ሲገባ የበረዶ ውሽንፍር ገደለው። በስሙ የተጠራችውን ከተማ ሳያያት ቀረ። ከተማዋ ትንሽ ሆና ቆየችና በ1870ዎቹ አጋማሽ ብዙ ወርቅ ያለበት ድንጋይ ሲገኝ በአንድ ጊዜ አደገች። በ1880 ገደማ ከ7,000 እስከ 10,000 ሰው እንደነበረባት ይገመታል።

የቦዲ ወርቅ ከወንዝ አሸዋ በእጅ የሚለቀም አልነበረም፤ አለት ውስጥ ነበር። ሙቀጫና ዘነዘና ታውቃላችሁ አይደል? ቡና የምንወቅጥበት? ሠራተኞች ከመሬት ሥር ድንጋይ ቆፍረው ያወጣሉ፤ ከዚያ በሞተር የሚነሡና የሚወድቁ ግዙፍ የብረት ዘነዘናዎች ድንጋዩን ይወቅጡታል። ድንጋዩ ሲልም ባዚቃ ይጨመርበታል። ባዚቃ ማለት ሜርኩሪ ነው። ባዚቃው ወርቁን ይዞ ይለየዋል፤ በኋላ በእሳት ሲተን ወርቁ ይቀራል። ባዚቃ መርዝ ስለሆነ ሥራው አደገኛ ነበር።

በቦዲ ከማዕድን ቆፋሪዎቹ ሌላ ብዙ ሰዎች ኖረዋል። ቻይናውያን የራሳቸው ሰፈር ነበራቸው፤ አትክልት ይሸጡ፣ ልብስ ያጥቡ፣ የማገዶ እንጨት ያቀርቡ ነበር። ከሰፈራቸው ዛሬ የተረፈው በጣም ጥቂት ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ የፓዩት ሕዝብ በአካባቢው ይኖር ነበር። ፍሬውን የሚበሉት የጥድ ዛፍ ለከተማዋ ማገዶ እየተቆረጠ አለቀባቸው። ስለዚህ የወርቅ ታሪክ ሲነገር ያገኙትን ብቻ ሳይሆን ያጡትንም ማስታወስ ይገባል።

ወርቁ እየቀነሰ ሲሄድ ሰዉም ሌላ ቦታ ፍለጋ ተበተነ። በ1932 አንድ ትንሽ ልጅ በክብሪት ሲጫወት የተነሣ ቃጠሎ አብዛኛውን ከተማ አጠፋው ይባላል። በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ መንግሥት የወርቅ ማዕድን ሥራን ሲያስቆም ቦዲ ዝም አለች። ሰዎቹ ሲወጡ ዕቃቸውን ትተው ሄዱ። ለምን? ማጓጓዣው ከዕቃው ዋጋ ይበልጥ ነበራ!

ቦዲ በ1962 የካሊፎርኒያ መንግሥት ፓርክ ሆነች። ዛሬ ከ100 በላይ ቤቶች ቆመዋል። ጠባቂዎቹ ጣራ ቢያፈስ ይደፍናሉ፣ ግድግዳ ቢያዘነብል ይደግፋሉ። ግን ቀለም አይቀቡም፣ አያሳምሩም። ከተማዋ እንዳትፈርስም እንዳትታደስም በነበረችበት ያቆዩአታል። በመስኮት ስትመለከቱ የተማሪዎቹን ዴስክ፣ በሱቁም መደርደሪያ ላይ የቀሩትን ዕቃዎች ታያላችሁ።

ታዲያ አንዳንድ ጎብኚዎች ሚስማር ወይም የጠርሙስ ስባሪ በኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ። ከዚያ "ዕቃውን ከወሰድኩ ጀምሮ መጥፎ ዕድል ተከተለኝ፣ ይቅርታ" የሚል ደብዳቤ ጽፈው ዕቃውን በፖስታ ይመልሱታል! "የቦዲ እርግማን" ይሉታል። እርግማኑን ማመን አያስፈልጋችሁም። እኛ "የሰው ወርቅ አያደምቅ" የሚል ተረት አለን፤ እሱ ይበቃል። ደግሞም እያንዳንዱ ሰው አንድ ሚስማር ቢወስድ ቤቱ ምን ይሆናል? ሚስማሩ ከቦታው ከተነሣ በኋላ ቢመለስም የት እንደነበር የሚያውቅ የለም።

ወላጆች፣ ለመጎብኘት ካሰባችሁ በበጋው የትምህርት ቤት ዕረፍት ሂዱ፤ በብርዱ ወራት መንገዱ በበረዶ ይዘጋል። የመንገዱ መጨረሻ 5 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት የለውም። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2,550 ሜትር ገደማ ነው፤ ከመሀል አዲስ አበባ ከፍ ስለሚል ልጆች ቶሎ ሊደክሙ ይችላሉ። ምግብ ቤት ስለሌለ ምሳና ውኃ ያዙ፤ ለልጆቹም ጃኬት አትርሱ።

ልጆች፣ የቤት ሥራ አላችሁ! እናታችሁን ወይም አባታችሁን "ከአገር ስትወጡ ልትይዙት ፈልጋችሁ ያልቻላችሁት ዕቃ ምን ነበር? ዛሬ የት ይገኛል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በአምስት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጻፉና በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ። ቸር ያገናኘን!