በገዛ ኑሮ ላይ ሥልጣን አለኝ የማለት እምነትና መለኪያዎቹ፤ ዳሰሳ

ሰው የሚደርስበት መልካሙም ክፉውም ከገዛ ሥራው የሚመነጭ ነው ወይስ ከፈቃዱ ውጭ በሆነ ኃይል የሚታዘዝበት የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዘመን የፈላስፎችና የመምህራነ ሃይማኖት ክርክር ሆኖ ቆይቷል። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የተነሡ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ግን ጥያቄውን በሌላ በኩል ያዙት፤ ይኸውም እውነቱ ከወዴት እንዳለ ለመፍረድ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ ኑሮ ምን እንደሚያምን ለመጠየቅና ያንኑ እምነት በቁጥር ለመመዘን ነው። ዛሬ በትምህርት ቤት፣ በሐኪም ቤት፣ በመሥሪያ ቤትና በገጠር ልማት ጥናት ውስጥ የሚሠራበት ይህ ምዘና «የቁጥጥር ማዕከል» በሚል ስም ይታወቃል። ታሪኩን ከመነሻው የተከታተለ ሰው ሊቃውንቱ በአንድ መሥመር የጀመሩትን ነገር፣ በውስጡ ብዙ የተለያየ ነገር ተደባልቆበት ስላገኙት፣ ደረጃ በደረጃ ሲለያዩት እንደኖሩ ያስተውላል።

የዚህ ሐሳብ አባት ጁሊያን ሮተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1916 በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን በሚባለው ሰፈር ከስደተኛ አይሁዳውያን ተወለደ። በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን የአባቱ ንግድ ሲከስር ስላየ፣ የኑሮ ሁኔታ በሰው ላይ ያለውን ብርታት የተማረው ከመጻሕፍት አስቀድሞ በቤቱ ነበር። ኋላም በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ በ1954 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው አንድን ሥራ ለመሥራት የሚነሣሣው የሚያገኘው ዋጋ ተወዳጅ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ብሠራ አገኘዋለሁ የሚል ተስፋ ሲኖረው ጭምር እንደሆነ አስተማረ። ነገር ግን የተሳካለትን ሁሉ የአጋጣሚ ነው የሚል ሰው ስኬቱ ተስፋውን አያሳድግለትም፤ እንግዲህ ሰው ያገኘውን ነገር ከምን እንዳገኘው የሚያምንበት እምነት ራሱ መመርመር አለበት ማለት ነው።

ይህንኑ ለመፈተን የሮተር ደቀ መዝሙር የነበረው ጄሪ ፌርስ በ1957 ያደረገው ሙከራ ቀላል ቢመስልም ብልሃት ያለበት ነው። ለተፈታኞቹ እርስ በርሳቸው እጅግ የሚቀራረቡ ቀለማትን አቀረበላቸውና ከናሙናው ጋር የሚገጥመውን እንዲለዩ አዘዛቸው፤ ለግማሾቹ ሥራው የችሎታ ጉዳይ ነው አላቸው፤ ለቀሩት ግን እጅግ ከባድ ስለሆነ የሚለየው በዕድል ብቻ ነው ሲል ነገራቸው። «ልክ ነህ» እና «ተሳስተሃል» የሚባልበት ተራ ግን አስቀድሞ ተወስኖ ለሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነበር። እያንዳንዱ ተፈታኝ በሚቀጥለው ሙከራ እንደሚሳካለት ምን ያህል እንደሚተማመን በሚያስይዘው መቋመሪያ ብዛት ሲገለጽ፣ ሥራው የችሎታ ነው የተባሉት ካለፈው ውጤታቸው እየተማሩ ግምታቸውን ከፍና ዝቅ ሲያደርጉ፣ የዕድል ነው የተባሉት ካለፈው ነገር የተማሩት ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ አንድ ሲሆን ትምህርቱን የለየው እምነቱ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሮተር በ1966 ያሳተመው መለኪያ 29 ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች ያሉት ሲሆን፣ 6ቱ የጥያቄውን ዓላማ ለመሰወር የገቡ ናቸውና የሚቈጠሩት 23ቱ ብቻ ናቸው። በእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ዐረፍተ ነገር ነገሩን ለሰውየው ጥረት፣ ሁለተኛው ለዕድል ወይም ለሌላ ኃይል ይሰጣል፤ ተጠያቂውም መካከለኛ መንገድ ሳይፈቀድለት ለእምነቱ የሚቀርበውን አንዱን ይመርጣል። ለውጫዊ ኃይል የሚሰጠውን በመረጠ ቊጥር አንድ ነጥብ ይመዘገብበታል፤ ስለዚህ ውጤቱ ከ0 እስከ 23 ሲሆን ከፍ ያለው ቊጥር ከራሱ ውጭ ባለ ኃይል የሚታመነውን ያመለክታል። ያልተወሳሰበ በመሆኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ አገር ተሠራጨ፤ ሮተር ግን በ1975 ሰዎችን ውስጣውያንና ውጫውያን እያሉ በሁለት ጎራ መክፈልና ውስጣዊነትን በጎነት፣ ውጫዊነትን ጉድለት አድርጎ ማየት ስሕተት ነው ሲል አስጠነቀቀ።

የሮተር መለኪያ በወጣበት በዚያው በ1966 በጄምስ ኮልማን መሪነት በአሜሪካ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች የተጠየቁበት የትምህርት ጥናት ይፋ ሆነ። ለተማሪዎቹ ከቀረቡት ጥያቄዎች ሦስቱ ብቻ በገዛ ዕጣቸው ላይ ሥልጣን እንዳላቸው የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ በጥቁሮቹና በሌሎቹ ተገፊ ወገኖች ዘንድ ይህ ስሜት ከትምህርት ውጤት ጋር የነበረው ዝምድና ከትምህርት ቤቱ ሕንፃና መሣሪያ ሁሉ በልጦ ተገኘ። ነገር ግን እምነቱ ውጤቱን ወለደ ወይስ ውጤቱ እምነቱን የሚለው ከዚህ ዝምድና ብቻ ሊታወቅ አይችልም። ፓትሪሺያ ጉሪንና ባልደረቦቿም በ1969 ሌላ ነገር አሳዩ፤ ጥቁር ወጣቶች «እኔ ኑሮዬን እመራለሁ» የሚለውን እምነትና «በዚህ አገር የሚጥር ሁሉ ያገኛል» የሚለውን አጠቃላይ አስተያየት ለያይተው ይይዙታል። ስለዚህ የዘር መድልዎውን በትክክል የሚከስ ወጣት በሮተር ሚዛን ውጫዊ ቢባልም፣ ልቡ ያልሰነፈና ለለውጥ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

ሐና ሌቨንሰን ደግሞ «ውጫዊ» የተባለውን ራሱን ለሁለት ከፈለችው። ኑሮው በባለሥልጣናትና በኃያላን እጅ ነው የሚል ሰውና ኑሮው በጭፍን አጋጣሚ ይመራል የሚል ሰው አንድ አይደሉም፤ የፊተኛው ዓለሙ ሥርዓት አለው፣ ደጅ ሊጠና፣ ሊከራከር፣ ሊሰለፍም ይችላል፤ ለኋለኛው ግን የሚይዘው መላ የለም። ስለዚህ በ1970ዎቹ ባወጣችው መለኪያ ለራስ ጥረት፣ ለኃያላን ሰዎችና ለዕድል ስምንት ስምንት፣ በድምሩ 24 ዐረፍተ ነገሮች መደበች። እያንዳንዱም ዐረፍተ ነገር ከጽኑ ተቃውሞ እስከ ጽኑ ስምምነት በስድስት ደረጃ ይመዘናል።

ከዚያ ወዲህ መለኪያው በየሙያው ተባዛ። ለልጆች የኖዊኪና የስትሪክላንድ 40 የአዎንና የአይደለም ጥያቄዎች በ1973፣ ለጤና የዋልስተን ባለ 18 ዐረፍተ ነገር መለኪያ በ1978፣ ለሥራ ቦታ የስፔክተር ባለ 16 ዐረፍተ ነገር መለኪያ በ1988 ወጡ። አልበርት ባንዱራም በ1977 ከዚህ የሚጐራበት ሌላ ሐሳብ አቀረበ፤ «ሥራው ቢሠራ ፍሬ ይሰጣል» ማለት አንድ ነገር ሲሆን፣ «እኔ ሥራውን ልሠራው እችላለሁ» ማለት ሌላ ነውና፣ ሁለተኛውን ለብቻው መለካት እንደሚገባ አስተማረ።

የአጠያየቁ ብልሃትም የራሱ ችግር አለው። ሰው ለቀረበለት ነገር ሁሉ «አዎን» የማለት ጠባይ ስላለው፣ ጆን ሚሮውስኪና ካትሪን ሮስ በ1991 ሥልጣንን የሚያረጋግጡትንና የሚክዱትን፣ በጎ ነገርንና ክፉ ነገርን የሚመለከቱትን ዐረፍተ ነገሮች እኩል በእኩል አመዛዝነው ባለ 8 መለኪያ ሠሩ። በእኛም አገር መዝገብ ይዞ ከደጅ የቆመው ጠያቂ የመንግሥት ወይም የርዳታ ሰው መስሎ በሚታይበት ጊዜ ይሉኝታ አፍን ይመራልና ይህ ጥንቃቄ የግድ ነው።

በኢትዮጵያ እምነቱ የተጠናው ይልቁንም ከድህነት ጋር በተያያዘ ነው። ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በህንድ፣ በፔሩና በቬትናም ልጆችን እየተከታተለ ያጠናው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት፣ ልጆቹ በኑሯቸው ላይ ያላቸውን የመወሰን ስሜት ከጥያቄዎቹ መካከል አስገብቶ ነበር። ታንጊ በርናርድ፣ ስቴፋን ዴርኮን፣ ኬት ኦርኪንና ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰ ደግሞ በ2010 በምዕራብ ሐረርጌ በዶባ ወረዳ ለገበሬዎች ፊልም አሳዩ፤ አንዱ ወገን በገዛ ጥረታቸው ኑሯቸውን ያሻሻሉ የገጠር ሰዎችን ታሪክ ሲያይ፣ ሌላው መዝናኛ ብቻ አየ፣ ሦስተኛው ምንም አላየም። ከስድስት ወር በኋላ የሰዎቹን ታሪክ ያዩት ምኞታቸው ከፍ ብሎ፣ ቊጠባቸውና ለልጆቻቸው ትምህርት የሚያወጡት ጨምሮ ተገኘ። ሆኖም ለውጡ ይበልጥ የታየው አስቀድሞም ከፍ ያለ ምኞት በነበራቸው ላይ ነው።

ለእኛ አገር አንባቢ ከሁሉ የሚከብደው ግን የፈጣሪ ቦታ ነው። ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ»፣ ሙስሊሙም «ኢንሻ አላህ» ሳይል ነገን አያነሣም፤ እንዲህ ያለውን ሰው በሮተር ሚዛን ያስቀመጠ ሁሉ በዕድል ወደሚያምኑት ወገን ሊጥለው ይችላል። ነገር ግን እንዲህ የሚል ገበሬ መሬቱን ደጋግሞ ያርሳል፣ ዘሩን ይመርጣል፣ አረሙን ይነቅላል፣ ዝናሙን ብቻ ለሰጪው ይተዋል፤ ይህም ሥልጣኑ የሚደርስበትንና የማይደርስበትን ለይቶ ማወቁ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም መግቦተ እግዚአብሔርን ከነፃ ፈቃድ ጋር አያይዞ ሰው በግብሩ እንደሚጠየቅ ያስተምራል። ኬኔት ዋልስተንና ባልደረቦቹ በ1999 በፈጣሪ መታመንን ከዕድል ለይተው የሚለኩ ስድስት ዐረፍተ ነገሮች ማውጣታቸው ይህንኑ ልዩነት መቀበላቸው ነው። ከዚያም በፊት ሮዝባም፣ ዋይዝና ስናይደር በ1982 ዓለምን ወደ ራስ ፈቃድ መመለስ ብቻ ሳይሆን ራስንም ከዓለም ጋር ማስማማት አንድ ዓይነት ሥልጣን ነው ብለው ጽፈዋል።

እምነቱ ከዘመን ጋርም ይለዋወጣል። ጂን ትዌንጊና ባልደረቦቿ ከ1960 እስከ 2002 የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስበው ሲያነጻጽሩ፣ በ2002 የነበረው መካከለኛ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከነበሩት 80 በመቶው ይልቅ ለውጫዊ ኃይል የሚሰጥ ሆኖ ተገኘ። በሀብት የበለጸገ አገር ልጆች እንዲህ ከሆኑ፣ ውጫዊነትን የድሆች ወይም የሃይማኖተኞች ጉድለት አድርጎ መቊጠር ከእውነት የራቀ ነው።

እንግዲህ ይህ መለኪያ የሚለካው እምነትን እንጂ እውነተኛውን ሥልጣን አይደለም። መሬቱ የኪራይ፣ ገበያው የነጋዴ፣ ዝናሙ የሰማይ የሆነበት ሰው «ብዙው ነገር በእጄ አይደለም» ቢል ያለበትን አጥርቶ ተናገረ እንጂ ልቡ አልሰነፈም። ስለዚህ መጠይቁን ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛ ወይም ወደ ትግርኛ መልሰው ወደ ገጠር የሚወርዱ ተመራማሪዎች፣ ሰውየው ምን እንደሚያምን ከመጠየቃቸው በፊት በእጁ ምን እንዳለ ይጠይቁ፤ የእምነቱንም ቊጥር ከዚህ መልስ ጋር ሳያነጻጽሩ በማንም ላይ ስንፍናን አይፍረዱ።