ከሳንባ የሚነሣ የልብ ሕመም፦ ተረትና እውነታ

ኮር ፑልሞናሌ የሚባለው ሕመም ለዓመታት የቆየ የሳንባ በሽታ በልብ ቀኝ ክፍል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሲሆን፣ ምልክቱ ከደረት ርቆ በእግርና በሆድ ላይ ስለሚታይ ብዙ የተሳሳተ ግምት ይሰጠዋል።

ተረት፦ የሳንባ ሕመም ለልብ አይተርፍም።

እውነታ፦ ቀኝ ልብ የሚረጨው ደም በሙሉ በሳንባ ያልፋል። በሳንባ አንዱ ወገን ኦክስጅን ሲያንስ፣ የዚያ ወገን ጥቃቅን የደም ሥሮች ደሙን አየር ወዳለበት ለመመለስ ይኮማተራሉ፤ ይህ ጠቃሚ ባሕርይ በሽታው ሳንባን ሁሉ ሲያዳርስ ግን ጠንቅ ይሆናል። ከልብ ወደ ሳንባ ደም በሚወስደው ቧንቧ ውስጥ ግፊቱ ይጨምራል፤ ግድግዳው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነው የቀኝ ታችኛው የልብ ክፍልም መጀመሪያ ይወፍራል፣ ኋላም ተለጥጦ ይደክማል።

ተረት፦ ሲጋራ ያላጨሰ ሰው አይነካውም።

እውነታ፦ ሲጋራ ዋነኛ መንስኤ ቢሆንም፣ ጭስ መውጫ በሌለው ማድ ቤት በእንጨትና በኩበት ለዓመታት እንጀራ የጋገሩ እናቶች፣ እንዲሁም ከሳንባ ነቀርሳ ድነው ጠባሳው የቀረባቸው ሰዎች ለዚህ ሕመም ሊጋለጡ ይችላሉ።

ተረት፦ ክንድ ላይ የተለካው የደም ግፊት ደኅና ከሆነ ልብም ደኅና ነው።

እውነታ፦ ይህ ልኬት የሚናገረው ስለ ግራ ልብ ግፊት ነው። የሳንባው ግፊት ግን በዕረፍት ጊዜ በአማካይ ወደ 14 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ ከ20 ሲበልጥ ከፍተኛ ይባላል፤ የሚገመተውም በልብ አልትራሳውንድ ነው።

ተረት፦ የእግር እብጠት ብርድ ወይም ኩላሊት ነው።

እውነታ፦ ኩላሊት እግርን ማሳበጡ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ሳልና ትንፋሽ ማጠር የቆየበት ሰው ቁርጭምጭሚቱ በአውራ ጣት ተጭኖ ሲለቀቅ ጎድጓዳው ቶሎ ካልሞላ፣ የአንገቱም ደም ሥር ከተገተረ፣ ቀኝ ልብ ደሙን መግፋት አቅቶት ወደ ኋላ እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል የልብ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ተረት፦ ኦክስጅን የሞት ዋዜማ ነው።

እውነታ፦ በ1980 እና በ1981 እ.ኤ.አ. የታተሙ ሁለት ጥናቶች፣ በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን እጅግ ያነሰባቸው ሕሙማን በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ኦክስጅን ሲያገኙ ዕድሜያቸው እንደሚረዝም አሳይተዋል። ከልክ ያለፈ ኦክስጅን ግን በአንዳንዶቹ ደም ውስጥ የተቃጠለ አየር እንዲጠራቀም ስለሚያደርግ፣ መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው።

እንግዲህ ይህን ልብ ለማዳን የሚጀመረው ከሳንባ ነው፤ ሲጋራን መተው፣ ለማድ ቤት ጭስ መውጫ ማበጀት፣ የሰነበተ ሳልንም ሳይንቁ በጊዜ መታከም የልብ ጥበቃ ናቸው።