ከመርሳት በፊት የሚታየው ምልክት

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ኦጉስተ ዴተር የምትባለውን ሕመምተኛ ፍራንክፈርት ውስጥ ያገኛት በ1901 ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜዋ 51 ነው። ስሟን ጻፊ ስትባል ትጀምርና መሃል ላይ ይጠፋባታል። ሐኪሙ የሕመሟን ምንጭ ማየት የቻለው ግን በ1906 ከሞተች በኋላ ነው። አንጎሏን በስሱ ቆርጦና ማቅለሚያ አስነክቶ በማይክሮስኮፕ ሲመረምረው በነርቭ ሕዋሳቱ መካከል የተከማቸ ዝቃጭ፣ በሕዋሳቱ ውስጥ ደግሞ የተቋጠሩ ክሮች አገኘ። ዝቃጩ አሚሎይድ፣ ክሮቹ ደግሞ ታው ከሚባሉ ፕሮቲኖች የተሠሩ መሆናቸው የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለመቶ ዓመት ያህል ነገሩ በዚያው ቀጠለ። አንድ ሰው የያዘው በእርግጥ በሐኪሙ ስም የተጠራው የአልዛይመር በሽታ መሆኑ የሚረጋገጠው በአስከሬኑ ምርመራ ነበር። በሕይወት ሳለ ለቤተሰቡ የሚነገረው፣ ሐኪሙ የቱንም ያህል የተካነ ቢሆን፣ ግምት ነበር።

ይህን የለወጡት በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዊልያም ክላንክና ኬሚስቱ ቼስተር ማቲስ ናቸው። መነሻቸው ቀጥተኛ ጥያቄ ነበር፦ የአስከሬን መርማሪዎች አሚሎይድን የሚያዩበትን ማቅለሚያ በሕይወት ላለ ሰው መስጠት ለምን አይቻልም? መልሱ ግን ዓመታት ፈጀ። የአንጎል የደም ሥሮች ባዕድ ነገርን አጥብቀው ይከላከላሉ፤ ኮንጎ ሬድ የተባለው ቀይ ማቅለሚያና ዘመዶቹ እንደሚፈለገው አላልፍ አሉ። ሁለቱ ሰዎች ቲዮፍላቪን ወደሚባል ቢጫ ማቅለሚያ ዞሩ፤ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ቻርጁን ካስወገዱለት በኋላ ወደ አንጎል ገባ፣ አሚሎይዱንም ያዘ።

በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረው በፌብሩዋሪ 2002፣ በስዊድን ከተማ ኡፕሳላ ነው። በ2004 በታተመው ጥናት በቀላል ደረጃ ላይ የነበሩ 16 ሕመምተኞችና 9 ጤነኞች ተነጻጸሩ፤ በሕመምተኞቹ አንጎል፣ በተለይ በፊተኛው ክፍል፣ ማቅለሚያው በብዛት ተይዞ ቀርቷል። በኋላም በሕይወታቸው ፍጻሜ አካባቢ የነበሩ ፈቃደኞች በተመሳሳይ ማቅለሚያ ምስል ተነሥተው፣ ካረፉ በኋላ አንጎላቸው ሲመረመር፣ ምስሉ ያሳየውና ማይክሮስኮፑ ያሳየው ገጠሙ። አልዛይመር ከሞት በፊት ማየት ያልቻለውን ለማየት መንገድ የከፈቱት የእነዚህ ሰዎች ፈቃድና የቤተሰቦቻቸው ትዕግሥት ናቸው።

ምስሉን የሚያነሣው ማሽን ፔት ስካን ይባላል። ኤምአርአይ የአንጎልን ቅርጽ ሲያሳይ፣ ፔት ግን የተወጋው ንጥረ ነገር የት እንዳረፈ ያሳያል። ማቅለሚያው ላይ ጨረር የሚያመነጭ አቶም ይጣበቃል። አቶሙ ፖዚትሮን ይለቃል፤ ፖዚትሮኑ ከኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይጠፉና በተቃራኒ አቅጣጫ የሚበሩ ሁለት የጋማ ጨረሮች ይወጣሉ። ጭንቅላቱን የከበበው ቀለበት ሁለቱን በአንድ ቅጽበት ሲይዝ፣ ክስተቱ በመካከላቸው ባለው መስመር ላይ እንደተፈጠረ ኮምፒዩተሩ ያውቃል። መስመሮቹ በሚሊዮን ሲቆጠሩ ምስል ይሆናሉ።

የመጀመሪያው ማቅለሚያ የሚሸከመው ካርቦን 11 በየ20 ደቂቃው በግማሽ ስለሚቀንስ፣ አቶሙን የሚሠራው ሳይክሎትሮን ሆስፒታሉ አጠገብ ካልሆነ አይሠራም። ፍሎሪን 18 ደግሞ በግማሽ ለመቀነስ 110 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ በመኪና ወደ ሌላ ከተማ መጓዝ ይችላል። ፍሎርቤታፒር የተባለው የዚህ ዓይነት ማቅለሚያ በ2012 በአሜሪካ ተፈቀደ። ታካሚው በክንዱ ይወጋል፤ ከ30 እስከ 50 ደቂቃ ይጠብቃል፤ ከዚያ ለ10 ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀስ ይተኛል።

ይህ ምስል ያስተማረን ትልቁ ነገር የበሽታው ዕድሜ ነው። በኮሎምቢያ አንቲዮኪያ ግዛት፣ ሟቹ ሐኪም ፍራንሲስኮ ሎፔራ ለአሠርት ዓመታት የተከታተሏቸው፣ በዘር የሚወርድ የአልዛይመር ጂን ያላቸው ቤተሰቦች አሉ። ጂኑን የወረሱት በአማካይ በ44 ዓመታቸው መርሳት ይጀምራሉ፤ በ2012 የታተመው ጥናት ግን አሚሎይዱ መከማቸት የሚጀምረው በ28 ዓመት ገደማ መሆኑን አሳየ። በተለመደው የእርጅና ዘመን አልዛይመርም ርቀቱ 15 ወይም 20 ዓመት ነው።

ከእነዚሁ ቤተሰቦች አንዲት ሴት ጂኑን ወርሰው ሳለ እስከ 70ዎቹ ዕድሜ ድረስ ጤነኛ ሆነው ቆዩ። ምስላቸው ሲነሣ አንጎላቸው በአሚሎይድ የተሞላ ነው፤ ታው ግን ትንሽ ብቻ። ሳይንቲስቶች በ2019 ሌላ ብርቅ የጂን ለውጥ ሳይጠብቃቸው እንዳልቀረ ጻፉ። የታው ምስል፣ በ2020 ለሐኪሞች የተፈቀደው፣ ከአሚሎይዱ ይልቅ ከመርሳቱ ጋር አብሮ መሄዱም ከዚህ ጋር ይስማማል።

ስለዚህ የአሚሎይድ ምስል ፍርድ አይደለም። በ70ዎቹ ዕድሜ ካሉ፣ አንዳች ችግር ከሌለባቸው አዛውንቶች ቢያንስ ከአምስቱ አንዱ አሚሎይድ ይገኝበታል፤ ብዙዎቹ በሽታውን ሳያዩ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ጤነኛ ሰው በፍርሃት ብቻ ተነሣስቶ ይህን ምስል ቢነሣ ሊደርስበት ከሚችለው ጉዳት ጥቅሙ ያነሰ ይመስለኛል። የማሽኑ ትክክለኛ ቦታ የመርሳት ምልክት ጀምሮ ምክንያቱ ያልለየ ሰው ዘንድ ነው። አሚሎይድ ከሌለ ሐኪሙ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል፤ ካለ ደግሞ መንገዱ ይጠራል። በአሜሪካ በ2023 ሌካኔማብ፣ በ2024 ዶናኔማብ የተባሉት መድኃኒቶች የተፈቀዱት አሚሎይድ መኖሩ ለተረጋገጠላቸውና ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ላሉ ብቻ ነው። አያድኑም፤ ያዘገያሉ። አንጎልን ሊያሳብጡና ሊያደሙ ስለሚችሉም በየጊዜው በኤምአርአይ ክትትል ይደረጋል። ወላጆቻቸውን በአሜሪካ ለሚያስታምሙ ወገኖቻችን የሚጠቅም ለውጥም አለ፦ ሜዲኬር የተባለው የአዛውንቶች የመንግሥት የጤና መድን ቀድሞ በጥናት ውስጥ ለገባ ሰው፣ ያውም በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ ይከፍልበት የነበረውን ገደብ በኦክቶበር 2023 አንሥቷል።

በእኛ ዘንድ እናት ወይም አባት ሲረሱ «ዕድሜ ነው፣ ጃጅተዋል» ተብሎ ይታለፋል። እዚህ ላይ ተራው ምስል፣ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ፣ ከፔት የበለጠ ዋጋ አለው እላለሁ። አንድ አዛውንት ተንሸራተው ጭንቅላታቸውን ቢመቱ፣ ደሙ ከራስ ቅላቸው ሥር ለሳምንታት በዝግታ ሊጠራቀም ይችላል፤ ግራ ይገባቸዋል፣ ይረሳሉ፣ እግራቸው ይከብዳል። ሲቲ ስካን ያሳየዋል፤ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ያወጣዋል፤ ብዙዎቹም ወደ ራሳቸው ይመለሳሉ። በአንጎል ውስጥ የሚጠራቀም ፈሳሽና ዕጢም እንዲሁ ይታያሉ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ ችግር ደግሞ በደም ምርመራ ይገኛሉ። ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ቤተሰብ መርሳቱ መቼ እንደጀመረ፣ ባለፉት ወራት መውደቅ ነበር ወይ የሚለውን አስቦ፣ አዛውንቱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዞ ይሂድ።